ባስኩላው 98.4 ሲል ኮምፒውተሩ ለምን 8.4 ይላል? ስለ ድሮ ኮምፒውተሮች ሲሪያል ፖርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። የቆየ 486 ኮምፒውተር አለን፤ ዶስ 6.22 ነው ያለበት። ከኤሌክትሮኒክ ባስኩላው ማሳያ ጋር በሲሪያል ገመድ ተያይዟል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ በኪውቤዚክ የጻፈው ፕሮግራም ክብደቱን አንብቦ፣ ፋይል ላይ መዝግቦ ደረሰኝ ያትማል። ብዙውን ጊዜ ይሠራል። አልፎ አልፎ ግን 98.4 ኪሎ የሆነው ጆንያ 8.4 ብሎ ይመጣል። አንዳንዴ ባዶ ይሆናል። አንዳንዴም ‹ዲቫይስ አይ ኦ ኤረር› ብሎ ቀጥ ይላል። ገመዱን ቀየርኩት፣ ለውጥ የለም። ፕሮግራሙን በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ልጻፈው ወይስ ኮምፒውተሩ ይቀየር?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም አያስፈልግም። ኮምፒውተሩም ይቆይ፣ ኪውቤዚክም ይበቃሃል። የነገርከኝ ምልክት በአብዛኛው የሚያመለክተው ፕሮግራሙ ከፖርቱ ላይ የሚያነብበትን መንገድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ፕሮግራሙ የሚሰጥህን ክብደት አትመን። ከባስኩላው ማሳያ ላይ በዓይንህ አንብበህ ደረሰኙን በእጅህ ጻፍ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ይርዘም። 8.4 የሚል ደረሰኝ ብዙ አያሳስበኝም፤ ከወንበርማ ድረስ በቆሎውን ጭኖ የመጣ ገበሬ የጆንያውን ክብደት ያውቃል፣ ዝም ብሎ አይቀበልህም። የሚያስፈራኝ ማንም የማያስተውለው ስሕተት ነው። እሱም ፕሮግራምህ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ቀጥዬ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ በገመዱ ላይ ምን እንደሚሄድ እንተዋወቅ። ይህ የግንኙነት ደንብ አርኤስ 232 ይባላል። በ1960 በአሜሪካ ወጣ፤ በኮምፒውተሮቻችን ላይ የምናውቀው ‹ሲ› የተባለው እትም ደግሞ በ1969። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) መስመሩ ሥራ ሲፈታ ከዜሮ በታች የሆነ ቮልት ይይዛል፤ ከ3 እስከ 15 ቮልት ኔጌቲቭ። ይህ «1» ማለት ነው። «0» ደግሞ ከ3 እስከ 15 ቮልት ፖዘቲቭ ነው። ላኪው አንድ ፊደል ሊልክ ሲል መስመሩን ወደ «0» ያዞረዋል። ይህ ስታርት ቢት ነው (ቢት ማለት አንድ «0» ወይም አንድ «1» ነው)። ተቀባዩ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጊዜ እየቆጠረ በየቢቱ መሐል ላይ ናሙና ይወስዳል። 8 የዳታ ቢቶች ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ስቶፕ ቢት ይመጣና መስመሩ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። አንድ ፊደል በጠቅላላው 10 ቢት ወሰደ ማለት ነው። ፍጥነቱ 9600 ከሆነ በሰከንድ 960 ፊደል ይገባል፤ 2400 ከሆነ 240።

እዚህ ላይ ልብ በል። ፖርቱ የሚያውቀው ፊደል ብቻ ነው። መስመር የት እንደሚጀምር አያውቅም፣ ክብደት ምን እንደሆነም አያውቅም። እሱን ማወቅ ያለበት ፕሮግራሙ ነው። የአንተ ፕሮግራም ይህን ሥራ አልሠራም፤ ችግሮችህ በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ብዙ የባስኩላ ማሳያዎች የሚልኩት መስመር ይህን ይመስላል፦ መጀመሪያ «ኤስ ቲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት፣ ኮማ፣ ከዚያ «ጂ ኤስ»፣ ኮማ፣ የመደመር ምልክት፣ 0098.4፣ በመጨረሻም «ኬ ጂ»። መስመሩ በቁጥር 13 እና በቁጥር 10 ይዘጋል። እነዚህ ሁለቱ በስክሪን ላይ አይታዩም፤ የመስመር መጨረሻ ምልክቶች ናቸው። «ኤስ ቲ» ክብደቱ ረግቷል ማለት ነው። ጆንያው ገና እየተወዛወዘ ከሆነ በእሱ ፋንታ «ዩ ኤስ» ይመጣል። «ጂ ኤስ» ጥቅል ክብደት፣ «ኤን ቲ» የተጣራ ክብደት። የእናንተ ማሳያ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል መመሪያውን እይ። መመሪያው ከጠፋም ከታች የምሰጥህ የመፈተሻ ፕሮግራም ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል።

አሁን ማሳያው ይህን መስመር ያለማቋረጥ እየደጋገመ ይልካል እንበል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተደርገው ነው የሚተከሉት። ፕሮግራምህ ፖርቱን የከፈተው ማሳያው መስመሩን እየላከ እያለ መሐል ላይ ቢሆንስ? መጀመሪያ የሚያገኘው «8.4 ኬ ጂ» የሚለውን ቁራጭ ብቻ ይሆናል። ‹ላይን ኢንፑት› ቁጥር 13ን ሲያገኝ መስመር ሙሉ መስሎት ያስረክብሃል። ‹ቫል› የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ቁራጩን ወደ ቁጥር ይለውጥና 8.4 ይልሃል። ማንም አልተቃወመም፣ ስሕተት የሚል መልእክት አልመጣም። የከፈተው ልክ በመስመሩ ማብቂያ ላይ ከሆነ ደግሞ ባዶ መስመር ይመጣል። ልጁ ‹ላይን ኢንፑት›ን ትቶ ተራውን ‹ኢንፑት› ተጠቅሞ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። እሱ በኮማ ይቆርጣል፤ አንዴ መሐል ላይ ከጀመረ የሁኔታውን ፊደል በክብደት ቦታ፣ ክብደቱን በሁኔታ ቦታ እያስገባ ይቀጥላል።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ያ የሚያስፈራኝ ነው።

ኪውቤዚክ ፖርቱን ከከፈተ በኋላ የሚመጡትን ፊደላት ከበስተኋላ እየተቀበለ በማስታወሻው ውስጥ በፈር በሚባል ቦታ ያጠራቅማል። አንተ ደረሰኝ ስታትም፣ የገበሬውን ስም ስትጽፍ፣ ከሰው ጋር ስታወራ ባስኩላው መላኩን አያቆምም። በፈሩ ይሞላል። የተሞላው በምንድን ነው? አሁን በወረደው ጆንያ ክብደት። ቀጣዩ ገበሬ የራሱን ጆንያ ሲያስቀምጥ ፕሮግራምህ አንድ መስመር ያነባል፤ የሚያነበው ግን በሰልፉ ፊት ያለውን አሮጌ መስመር ነው። መስመሩ ሙሉ ነው፣ «ኤስ ቲ» አለበት፣ «ኬ ጂ» አለበት፣ ቁጥሩም ለጆንያ ክብደት የሚመጥን ነው። 97.2 የነበረው ገበሬ የቀደመውን ሰው 94.6 ይዞ ይሄዳል። ይህን ማንም አያውቅም። ባስኩላው ትክክል ሆኖ፣ መዛኙ ሐቀኛ ሆኖ፣ ሚዛን ይጎድላል። ለዚህ ነው ለጊዜው በእጅህ ጻፍ ያልኩህ።

በፈሩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ደግሞ አዲስ የሚመጡት ፊደላት ይጣላሉ፤ ኪውቤዚክ ስሕተት ቁጥር 69 ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የአንዱ መስመር ራስ ከሌላው መስመር ጅራት ጋር ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ‹ዲቫይስ አይ ኦ ኤረር› ነው፤ በኪውቤዚክ ስሕተት ቁጥር 57። ይህ ከሃርድዌሩ የመጣ ቃል ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። በፖርቱ ጀርባ ያለው ቺፕ ዩአርት ይባላል። አይቢኤም በ1981 ባወጣው የመጀመሪያ ፒሲ ውስጥ 8250 የተባለው ነበር። በ1984 በመጣው ኤቲ ላይ 16450 ሆነ፤ ባለ 9 እግሩ ሶኬትም የመጣው ያኔ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተቀብለው የጨረሱትን አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚይዙት። በር ላይ አንድ ጆንያ ብቻ የሚያስቀምጥ ቦታ እንዳለው መጋዘን ቁጠረው፤ የመጀመሪያው ሳይነሣ ሁለተኛው ከመጣ የመጀመሪያው ይጠፋል። በ9600 ፍጥነት ፊደሉን ለማንሣት ያለህ ጊዜ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ዲስክ ላይ እየጻፈ ኢንተረፕት (ቺፑ «ፊደል መጥቷል» ብሎ ኮምፒውተሩን የሚጠራበት ምልክት) ዘግቶ ከቆየ ፊደሉ አመለጠ። ይህ ኦቨርራን ይባላል። ከ0098.4 ውስጥ የ9 ቁጥሯ ብቻ ብታመልጥ የሚቀርህ 008.4 ነው። ልክ የነገርከኝ ቁጥር! ስለዚህ የአንተ 8.4 በሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱንም መዝጋት አለብን።

በኋላ የመጣው 16550ኤ ግን 16 ፊደል የሚይዝ ሰልፍ አለው። በ9600 ፍጥነት 16 ሚሊሰከንድ ያህል ፋታ ይሰጣል። ያንተ የትኛው እንደሆነ ለማየት ዶስ ላይ «ኤም ኤስ ዲ» ብለህ የምርመራ ፕሮግራሙን አስነሣ፤ የኮም ፖርቶችን (ዶስ ሲሪያል ፖርቶችን ኮም 1፣ ኮም 2 እያለ ነው የሚጠራቸው) ገጽ ስትከፍት የዩአርቱን ዓይነት ከታች ይጽፍልሃል። 8250 ብሎ ከጻፈልህ 8250 ወይም 16450 ነው ብለህ ውሰደው።

አሁን ወደ ሥራው። ገመዱን ቀይሬያለሁ ብለሃል፤ አዲሱ ገመድ ትክክል ስለመሆኑ ግን ምን ማረጋገጫ አለህ? ቴስተር ያዝ። የገመዱን ጫፍ ከኮምፒውተሩ ነቅለህ ማሳያውን አብራ። ባለ 9 እግር ሶኬት ከሆነ 2ኛው እግር መቀበያ፣ 3ኛው መላኪያ፣ 5ኛው ግራውንድ ነው። ባለ 25 እግር ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው፦ 2 መላኪያ፣ 3 መቀበያ፣ ግራውንዱ 7። ስንት ሰው እዚህ ላይ እንደሚሳሳት! በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ባለ 25 ቀዳዳ ሴት ሶኬት የፕሪንተር ነው፤ ሲሪያሉ ወንድ ነው፣ እግር አለው። ማሳያው ሳይልክ ሲቀር በመቀበያውና በግራውንዱ መካከል ከ3 እስከ 15 ቮልት ኔጌቲቭ ማየት አለብህ። እየላከ ከሆነ ቁጥሩ ይዋልላል። ዜሮ ካሳየህ ወይ ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይ ተገላብጧል፣ ወይ የማሳያው ቺፕ ተቃጥሏል። ከባስኩላው መቀበል ብቻ ስለምትፈልግ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሽቦ ይበቃሃል፤ የመቀበያውና የግራውንዱ።

ስለ ኤሌክትሪኩም ልንገርህ፣ ምክንያቱም በየከተማችን ብዙ ፖርት የሚሞተው በዚህ ነው። ሶኬታችሁ ኧርዝ ከሌለው የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ከመሬት አንጻር 110 ቮልት አካባቢ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች የ220ውን ግማሽ ወደ ቆርቆሮው ስለሚያደርሱት ነው። ስትነካው የሚነዝርህ እሱ ነው። ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ለቺፕ ግን ይበቃል። ባስኩላው በሌላ ሶኬት ተሰክቶ ገመዱን በበራ ዕቃ ላይ ስትሰካ ያ ሁሉ በሲሪያል ሽቦው በኩል መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ሁለቱንም አጥፍተህ፣ ከሶኬት ነቅለህ፣ ከዚያ ገመዱን ስካ። ሁለቱንም በአንድ ማካፈያ ላይ አድርጋቸው፤ ኧርዝም አስገባ። ክረምት ሲገባና መብረቁ ሲጀምር ደግሞ ማታ ማታ ገመዱን ነቅለህ እደር። የገመዱ ርዝመት ከ15 ሜትር አይለፍ፤ ከመብራት መስመርና ከወፍጮ ሞተር አርቀው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ፖርቱን ያውቀው እንደሆነ ጠይቀው። ኪውቤዚክ ውስጥ «ዴፍ ሴግ» እኩል 64 ካልክ በኋላ ፒክ 0 ሲደመር 256 ጊዜ ፒክ 1 ምን እንደሆነ አትም። (ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋቸዋለህ።) ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) ሲነሣ ያገኛቸውን ፖርቶች አድራሻ እዚያ ይመዘግባል። 1016 ካወጣ ደግ ነው፤ ኮም 1 በቦታው አለ። መጽሐፎች በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 3ኤፍ8 የሚሉት እሱን ነው። ኮም 2 ደግሞ 760 ነው። ዜሮ ካወጣህ ፖርቱ በሴታፕ ውስጥ ተዘግቷል፤ እዚያ ገብተህ ክፈተው።

አሁን የመፈተሻ ፕሮግራሙ። ይህን ራሱን ችሎ ጻፈው፤ የድሮውን አትንካ። ‹ኦፕን› የሚለውን ትእዛዝ አንጠቀምም፤ ከቺፑ ጋር በቀጥታ እንነጋገራለን። ቺፑ ከ1016 ጀምሮ ተከታታይ አድራሻዎች አሉት። ‹አውት› በሚለው ትእዛዝ 1019 ላይ 128 ጻፍ፤ ይህ የፍጥነት ማስገቢያውን ይከፍታል። ከዚያ 1016 ላይ 12፣ 1017 ላይ 0 ጻፍ። ለምን 12? ፒሲው ለዚህ ቺፕ የሚሰጠው ምት 1.8432 ሜጋኸርዝ ነው። ቺፑ ለ16 ሲያካፍለው 115200 ይሆናል፤ ያ ለ12 ሲካፈል 9600። ማሳያው በ2400 የሚልክ ከሆነ 48 ታስገባለህ። ቀጥሎ 1019 ላይ 3 ጻፍ፤ 8 ቢት፣ ፓሪቲ (የስሕተት መፈተሻ ቢት) የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት ማለት ነው፣ የፍጥነት ማስገቢያውንም መልሶ ይዘጋል። 1017 ላይ 0፣ ኢንተረፕት አንፈልግም። 1020 ላይ 3፣ ዲቲአርና አርቲኤስ የሚባሉትን ሁለት መስመሮች ያነሣል። አንዳንድ ማሳያዎች እነዚህ ሳይነሡ አይልኩም።

ከዚያ ዙር ነው። በየዙሩ 1021ን ‹ኢንፕ› በሚለው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበህ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጠው። አንድ ጊዜ ያልኩህ በምክንያት ነው፤ ይህን ሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ ያለች የመረጃ መያዣ) ስታነበው የስሕተት ምልክቶቹ ይጠፋሉ። ባገኘኸው ቁጥር ውስጥ የ2 ቢት ካለ ኦቨርራን ሆኗል፣ የ4 ቢት የፓሪቲ ስሕተት ነው፣ የ8 ቢት ፍሬሚንግ ነው፣ ማለትም ስቶፕ ቢቱ በቦታው አልተገኘም። ለእያንዳንዳቸው ቆጣሪ አድርግላቸው። የ1 ቢት ካለ ፊደል መጥቷል፤ ከ1016 አንብበው። ሲመጣ ወዲያው ስክሪን ላይ አታትመው! በኪውቤዚክ ስክሪን ላይ መጻፍ ቀርፋፋ ነው፤ እሱ ራሱ ፊደል ያስመልጥሃል። በአደራደር ውስጥ 200 ፊደል አጠራቅም፤ ከዚያ ቁጥሮቻቸውንና ፊደሎቻቸውን ጎን ለጎን አትም፤ በመጨረሻም ሦስቱን ቆጣሪዎች።

ውጤቱን እንዴት ታነበዋለህ? የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፊደላት ቢበላሹ አትደንግጥ፤ መሐል ላይ ስለገባህ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ምስቅልቅል ከሆነና ፍሬሚንግ ከበዛ ፍጥነቱ አልገጠመም። መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ኦቨርራን ብቻ ካለ ኮምፒውተሩ ዘግይቷል።

አንድ የማይረሳ ምልክት አለ፤ እሱን ለብቻው ልስጥህ። ክብደቱ ውስጥ 0፣ 3፣ 5፣ 6 እና 9 በደንብ እየመጡ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 የሳጥን መስመርና የጥላ ምልክት ሆነው ከመጡ ማሳያው በ7 ቢትና በኢቨን ፓሪቲ እየላከ ነው፤ አንተ በ8 ቢት ያለ ፓሪቲ እያነበብክ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኢቨን ፓሪቲ በአንድ ፊደል ውስጥ ያሉት «1» ቢቶች ድምር ለ2 የሚካፈል ቁጥር እንዲሆን 8ኛ ቢት ይጨምራል። በ0፣ 3፣ 5፣ 6፣ 9 ውስጥ ድምሩ ቀድሞውንም 2 ወይም 4 ስለሆነ የሚጨመረው ዜሮ ነው። በሌሎቹ ግን 3 ወይም 5 ስለሆነ 8ኛው ቢት 1 ይሆናል፣ አንተም ፊደሉን 128 ጨምሮ ታነበዋለህ። በ49 ፋንታ 177 ካየህ እሱ ነው። በሁለቱም አላላክ አንድ ፊደል 10 ቢት ስለሚሆን ፍሬሚንግ የሚባል ስሕተት አይታይህም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚደናገረው። መድኃኒቱ 1019 ላይ በ3 ፋንታ 26 መጻፍ ነው፤ በ‹ኦፕን› ደግሞ ኢ፣ 7፣ 1።

የደረሰኙን ፕሮግራም ወደ ማስተካከሉ እንሂድ። ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ማሳያው ላይ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። ብዙዎቹ ማሳያዎች በሴታፓቸው ውስጥ ያለማቋረጥ መላክን ትተው፣ የማተሚያ ቁልፍ ሲነካ ብቻ ወይም ክብደቱ ሲረጋ አንድ ጊዜ እንዲልኩ ማድረግ ይቻላል። የእናንተም ከቻለ ወደ ቁልፉ ቀይረው። መዛኙ ጆንያው መርጋቱን አይቶ ቁልፉን ይጫናል፣ አንድ መስመር ይመጣል፣ አለቀ። አሮጌ መስመር የሚጠራቀምበት ምክንያት በአብዛኛው ይጠፋል። ፍጥነቱንም ወደ 2400 አውርደው። አንድ መስመር 18 ፊደል ቢሆን በ2400 የሚፈጀው 75 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሰው አያስተውለውም። ለኮምፒውተሩ ግን በየፊደሉ 1 ሚሊሰከንድ የነበረው ፋታ ከ4 በላይ ይሆንለታል። ለባስኩላ ከዚህ በላይ ፍጥነት ምን ያደርጋል?

‹ኦፕን› በሚለው መስመር ላይ ከኮም 1 ቀጥሎ በቅደም ተከተል 2400፣ ኤን፣ 8፣ 1 ጻፍ። ምንም ካልጻፍክ ኪውቤዚክ 300፣ ኢቨን ፓሪቲ፣ 7 ቢት ብሎ ይወስዳል። ከዚያ ሲዲ0፣ ሲኤስ0፣ ዲኤስ0፣ ኦፒ0 ጨምር፤ ሁሉንም በኮማ እየለየህ። እነዚህ ካልተጻፉ ኪውቤዚክ ሌሎቹን የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች ይጠብቃል፤ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ላይ እነሱ ስለሌሉ «ዲቫይስ ታይምአውት» ብሎ ይቆማል። አርቢ2048 ብለህ በፈሩንም አስፋው። ፖርቱን ጠዋት ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ጊዜ ክፈተው፤ በየጆንያው አትክፈት፣ አትዝጋ።

ከዚያ ‹ላይን ኢንፑት›ንም ሆነ ተራውን ‹ኢንፑት› ጨርሶ አውጣቸው። በእነሱ ፋንታ ‹ሎክ›ን ተጠቀም። ‹ሎክ› በፈሩ ውስጥ ስንት ፊደል እንደሚጠብቅ ይነግርሃል። ባስኩላው ቢጠፋ እንኳ ፕሮግራሙ ተገትሮ አይቀርም። አዲስ ጆንያ ለመቀበል ስትዘጋጅ፣ መዛኙ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት፣ በፈሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንብበህ ጣለው። ይህች አንዲት እርምጃ ናት የቀደመው ገበሬ ክብደት ወደ ቀጣዩ እንዳይሻገር የምታደርገው። ከዚያ የሚመጡትን ፊደላት በአንድ ጽሑፍ ላይ እያከልክ ቁጥር 13 እስኪመጣ ጠብቅ። ማሳያው ያለማቋረጥ የሚልክ ሆኖ ከቀረ ግን የመጀመሪያውን መስመር ጣለው፤ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ውሰድ።

የመጣውን መስመርም ሳትመረምር አትቀበል። ርዝመቱ ልክ ነው? በ«ኤስ ቲ» ይጀምራል? በ«ኬ ጂ» ያበቃል? ነጥቡ በቦታው ነው? አንዱ እንኳ ከጎደለ ጣለው፣ እንደገና ይመዘን። ‹ቫል› ላይ አትደገፍ፤ ለባዶ መስመር ዜሮ ይሰጥሃል፣ ለቁራጭም የሚመስል ቁጥር ይሰጥሃል። ያለማቋረጥ በሚልክ ማሳያ ላይ ደግሞ ተከታትለው የመጡ ሁለት የረጉ መስመሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ካልያዙ አትመዝግብ። ፋይል ላይ መጻፉንና ማተሙን ክብደቱ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብቻ አድርገው። ስሕተት 57 ሲመጣም ፕሮግራሙ መቆም የለበትም፤ «ኦን ኤረር» አስገባና የያዘውን መስመር ጥሎ በስክሪኑ ላይ «እንደገና ይመዘን» የሚል ይጻፍ። ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ በትልቁ አውጣው፤ ገበሬው ራሱ ከባስኩላው ጋር አስተያይቶ ይየው።

ስለ ሲ የጠየቅከው፦ ለመማር ከሆነ በርታ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ኢንተረፕቱን ራስህ መያዝ ይኖርብሃል። ኮም 1 የሚጠቀመው መስመር 4ን ነው፤ በቬክተር ሠንጠረዡ (እያንዳንዱ ኢንተረፕት የትኛውን ፕሮግራም እንደሚጠራ የሚመዘገብበት) ላይ ቁጥር 12 ማለት ነው። ፖርት 33 ላይ የ16ን ቢት ታጠፋለህ፣ በየኢንተረፕቱ ሥራህን ስትጨርስ ፖርት 32 ላይ 32 ትጽፋለህ፣ ስትወጣ የድሮውን ቬክተር ትመልሳለህ። ሰው ሁሉ የሚሰናከልባት ቦታ 1020 ናት፤ እዚያ 3 ብቻ ከጻፍክ ኢንተረፕት ፈጽሞ አይመጣም። በፒሲ ላይ የኢንተረፕቱን መንገድ የሚከፍተው አውት 2 የሚባለው መስመር ስለሆነ 8 ጨምረህ 11 ጻፍ። ቺፑ 16550ኤ ከሆነ 1018 ላይ 1 ጽፈህ ሰልፉን ክፈት፤ በየኢንተረፕቱም የ1 ቢት እስኪጠፋ ድረስ ደጋግመህ አንብብ እንጂ አንድ ፊደል አንሥተህ አትውጣ።

ኮምፒውተር መቀየሩን ለአሁኑ ተወው። አዲሱ ላይ ኤክስፒ ወይም ከእሱ ወዲህ የመጣ ዊንዶውስ ካለ ዊንዶውሱ ፕሮግራሞች ቺፑን በቀጥታ እንዲነኩ አይፈቅድም። ፖርት የሌለው ላፕቶፕ ገዝታችሁ የዩኤስቢ መቀየሪያ ብትሰኩበትም 1016 በሚባለው አድራሻ ላይ ምንም አይገኝም፤ ተራ ዶስ አያየውም። ያኔ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ደንብ መጻፍ አለበት፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። ለ486ቱ ግን መለዋወጫ የሲሪያል ካርድ ካገኛችሁ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተቆረጠ የመፈተሻ ፕሮግራሙ ያወጣቸውን 200 ቁጥሮች፣ ሦስቱን ቆጣሪዎችና በዚያች ሰዓት ባስኩላው ላይ ይታይ የነበረውን ክብደት ጻፍልኝ። ፊደሉን ሳይሆን ቁጥሩን ላክ፤ 13 እና 10 የት እንዳሉ ማየት አለብኝ።